በነፃ የሚታደል ቶክን፣ በፊርማ የሚወሰድ ንብረት

በክሪፕቶከረንሲ ዓለም ኤርድሮፕ የሚባለው፣ አንድ ፕሮጀክት የራሱን ዲጂታል ሳንቲም፣ ማለትም ቶክን፣ ዋጋ ሳያስከፍል ለብዙ ሰዎች የሚያድልበት አሠራር ነው። ቶክኑ የሚመዘገበው ብሎክቼይን በሚባለው፣ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚያዝና አንድ ጊዜ የተጻፈበትን መልሶ መፋቅ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ መዝገብ ላይ ሲሆን፣ ባለቤቱ በመዝገቡ ላይ ያለውን ንብረት የሚያዝበትን ምስጢራዊ ቁልፍ የሚይዝለት ፕሮግራም ደግሞ ዋሌት ይባላል። እንዲህ ባለው እደላ መሳተፍ አደጋ አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚፈለገው እደላው እውነተኛ ነው ወይስ ማጭበርበሪያ የሚለውን በመለየት ነው። ይህ መለኪያ ግን የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ያሳያል፤ ምክንያቱም እውነተኛ እደላ ተቀባዩን ሊጎዳ፣ ሐሰተኛ ቶክንም ሳይነካ እስከተቀመጠ ድረስ ምንም ጉዳት ላያደርስ ይችላል። መመርመር ያለበት ተቀባዩ ቶክኑን ለመውሰድ ሲል በምላሹ የሚሰጠው ነገር ነው፤ ይኸውም አንዳንዴ ፊርማ፣ አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴ ወራት የፈጀ ጊዜ፣ አንዳንዴም የዓይን ብሌን ምስል ሆኖ ይገኛል።

ሰጪዎቹ የሚሰጡት ጽድቅ ፈልገው አይደለም። ማንም ያልያዘው ቶክን ገበያ የለውም፤ ገበያ ከሌለው ዋጋ አይኖረውም፤ ዋጋ ከሌለው ደግሞ መሥራቾቹና ቀድመው ገንዘብ ያስገቡት ባለሀብቶች ለራሳቸው ያስቀሩት ትልቅ ድርሻ ባዶ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከጠቅላላው አቅርቦት የተወሰነውን ለሕዝብ መበተን ተጠቃሚ መሳቢያ፣ ወሬ ማስነሻና ለቀሪው ድርሻ ዋጋ መፍጠሪያ ይሆናል። ይህን መረዳት እደላውን ሁሉ ወንጀል አያደርገውም፤ ሆኖም ነፃ የሚለው ቃል የሚገልጸው የተቀባዩን ወጪ እንጂ የሰጪውን ዓላማ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከመጀመሪያዎቹ ታላላቅ እደላዎች አንዱ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ማርች 25 ቀን 2014 በአይስላንድ ሲሆን፣ ማንነቱን በብዕር ስም የሸሸገ ሰው ኦሮራኮይን የተባለ ሳንቲም ፈጥሮ፣ 330,000 ያህል ለሚሆነው የአገሪቱ ሕዝብ በብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር እየተለየ ለእያንዳንዱ 31.8 ሳንቲም እንዲደርሰው አቀረበ። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ሳንቲሙን እንዳገኙት ስለሸጡት ዋጋው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተንኮታኮተ። አሠራሩ ዛሬ ያለውን ስም ያተረፈው ግን በሴፕቴምበር 2020 ነው። በኤቴሪየም ብሎክቼይን ላይ የሚሠራው ዩኒስዋፕ የተባለው የቶክን መገበያያ፣ ከዚያ ወር መጀመሪያ በፊት አገልግሎቱን አንድ ጊዜ እንኳ ለሞከረ ለእያንዳንዱ የዋሌት አድራሻ 400 ዩኒ የተባለ ቶክን ሰጠ። ከ250,000 በላይ አድራሻዎች ይህ ድርሻ ደረሳቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ 12,000 ያህሉ ግብይት ሞክረው አንዱም ያልተሳካላቸው ነበሩ። በእደላው ሰሞን ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው ይህ ድርሻ፣ ሳይሸጥ ለቆየለት ሰው በሜይ 2021 ከ17,000 ዶላር በላይ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሐሰተኛ እደላ ሁሉ በዚህ እውነተኛ ታሪክ ይነግዳል። ማታለያው ከባዶ ቢነሣ ኖሮ ይህን ያህል ሰው አያጠምድም ነበር።

በጣም ቀላሉና በቴክኒክ ረገድ ምንም ዕውቀት የማይጠይቀው ማታለያ፣ ሰው መጀመሪያ ጥቂት እንዲልክና እጥፉን እንዲቀበል የሚጋብዘው ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2020፣ ረቡዕ ዕለት፣ ወጣት ሰርጎ ገቦች የትዊተርን ሠራተኞች በስልክ አታለው ወደ ኩባንያው የውስጥ መቆጣጠሪያ ከገቡ በኋላ፣ በባራክ ኦባማ፣ በጆ ባይደን፣ በቢል ጌትስ፣ በኢሎን መስክና በአፕል ኩባንያ ገጾች ላይ አንድ ዓይነት መልእክት ተከታትሎ ወጣ፤ መልእክቱም ለሕዝብ ውለታ ለመመለስ ሲባል ወደ ተጠቀሰው አድራሻ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ለሚልክ 2,000 እንደሚመለስለት የሚገልጽ ነበር፤ ጊዜውንም በደቂቃዎች ወስኖታል። ትዊተር መልእክቶቹን ሲያጠፋ ሌሎች ይተኩ ነበር፤ በመጨረሻም ኩባንያው የተረጋገጡ ገጾች ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጽፉ እስከማገድ ደረሰ። በዚያ ጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ቢትኮይን ወደ ሌቦቹ አድራሻ ገባ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከዚያ በኋላ ባወጣው መረጃ ደግሞ፣ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ባሉት ስድስት ወራት ኢሎን መስክን መስለው የቀረቡ አጭበርባሪዎች ብቻ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደወሰዱ ተጎጂዎች አመልክተዋል።

ይህ ዓይነቱ ማታለያ ቢያንስ ተጎጂው ገንዘብ እየላከ መሆኑን እያወቀ የሚፈጸም ነው። ከባዱ፣ ሰዎች ምንም እንዳልላኩ እያመኑ ያላቸውን ሁሉ የሚያጡበት ነው፤ እርሱም የሚሠራው በፊርማ ነው። አንድ ሰው ዋሌቱን ከአንድ ድረ ገጽ ጋር ሲያገናኝ፣ ድረ ገጹ የሚያየው የዋሌቱን አድራሻና በእርሱ ስም የተመዘገበውን ንብረት ነው፤ ይህ እርምጃ ብቻውን ገንዘብ አያስወጣም። ወሳኙ ነገር ቀጥሎ ብቅ የሚለውና ማረጋገጫ የሚጠይቀው መስኮት ነው። በኤቴሪየምና በመሰል ብሎክቼይኖች ላይ የሚሠሩ ቶክኖች፣ ባለቤቱ ለአንድ ስማርት ኮንትራክት፣ ማለትም በብሎክቼይን ላይ ተቀምጦ የታዘዘውን ራሱ ለሚፈጽም ፕሮግራም፣ «ከእኔ ዋሌት ይህን ያህል አንሥተህ ማዘዋወር ትችላለህ» የሚል ፈቃድ እንዲሰጥ ያስችላሉ። በሕጋዊ መገበያያዎችም ይህ ፈቃድ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ያለ እርሱ አንዱን ቶክን በሌላ መለወጥ በአብዛኛው አይቻልም። ለምቾት ሲባል የሚጠየቀው መጠን ብዙ ጊዜ ገደብ የሌለው ነው፤ ፈቃዱም ባለቤቱ ራሱ እስኪሽረው ድረስ ለወራትም ለዓመታትም ይጸናል።

ነገሩ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ለማያውቁት ሰው ውክልና ከመፈረም ጋር ይመሳሰላል፤ እንዲያውም ይብሳል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚሸፍን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ደግሞ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ለይቶ ይደነግጋል፤ ስማርት ኮንትራክት ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አያውቅም፣ ፈራሚው የፈረመውን ተረድቶ እንደሆነም የሚጠይቅ ሹም የለውም። ከዚህም የረቀቀው፣ ፐርሚት የሚባለው አሠራር ነው። በመደበኛው መንገድ ፈቃድ ሲሰጥ ጋዝ የሚባለው የብሎክቼይን አገልግሎት ክፍያ ከዋሌቱ ስለሚቀነስ ባለቤቱ አንድ ነገር እንደተፈጸመ ያያል። በፐርሚት ግን አንድ መልእክት መፈረም ብቻ ይበቃል፤ ከፈራሚው ዋሌት በዚያ ቅጽበት ሳንቲም አይወጣም፣ በመዝገቡም ላይ ምንም አይታይም፣ ፊርማውን የያዘው ሰው በፈለገው ሰዓት ወደ ብሎክቼይኑ አቅርቦ ቶክኑን ያነሣበታል። ጋዝ ካልተከፈለ አደጋ የለም የሚለው በብዙ ጀማሪዎች ዘንድ ያለ እምነት እዚህ ላይ ፍጹም የተሳሳተ ነው።

በጁላይ 2022 የደረሰው ጥቃት ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። አጥቂዎቹ ከ70,000 በላይ ለሆኑ አድራሻዎች ያልተጠየቀ ቶክን በተኑ፤ ላኪው ራሱ ዩኒስዋፕ እንዲመስል አድርገው አዘጋጁት፤ ቶክኑም ባለቤቶቹን የዩኒ ሽልማት ይወሰድበታል ወደተባለ ድረ ገጽ ይመራ ነበር። በዚያ ገጽ ፈቃዱን ከሰጡት መካከል ከፍተኛ ንብረት ያለው ሰው ስለነበረበት 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተዘረፈ። ባይናንስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቻንግፔንግ ዣኦ የገንዘቡን ፍሰት አይቶ ዩኒስዋፕ ራሱ ሳይሰበር እንዳልቀረ በይፋ አስጠነቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የተሰበረ ነገር እንደሌለ፣ ስማርት ኮንትራክቶቹ እንደታዘዙት በትክክል እንደሠሩ ተረጋገጠ። ያው ቶክን በሰባ ሺህ ዋሌቶች ውስጥ ተቀምጦ አብዛኞቹን ምንም አላደረጋቸውም፤ የተጎዱት ሊንኩን ተከትለው የፈረሙት ናቸው።

በገጹ ላይ ያለውን የማረጋገጫ ምልክት አይቶ መተማመንም ዋስትና አይሆንም። ቦርድ ኤፕ ያት ክለብ በሚል ስም የሚታወቀው፣ የዝንጀሮ ሥዕሎቹ በውድ ዋጋ ይሸጡ የነበረው የዲጂታል ጥበብ ስብስብ፣ ኤፕሪል 25 ቀን 2022 ትክክለኛው የኢንስታግራም ገጹ ተጠልፎ የኤርድሮፕ ማስታወቂያ ወጣበት፤ ማስታወቂያውን አምነው ዋሌታቸውን ያገናኙና የፈረሙ ሰዎች ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ንብረት አጡ። የማታለሉ ሥራ ዛሬ የብልጣ ብልጥ ግለሰቦች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ድሬነር የሚባሉ፣ ዋሌት የሚያራቁቱ ዝግጁ ፕሮግራሞች ይከራያሉ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኢንፈርኖ ድሬነር ፕሮግራሙን ለሌሎች አጭበርባሪዎች እያቀረበ ከተሰረቀው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 20 በመቶውን ይወስድ ነበር፤ በኖቬምበር 2023 ሥራ ማቆሙን እስኪያስታውቅ ድረስም በእርሱ አማካይነት ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘርፏል። ስካም ስኒፈር የተባለው የደኅንነት ድርጅት በ2023 ብቻ በእነዚህ ፕሮግራሞች 295 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደተወሰደ፣ ተጎጂዎቹም ከ300,000 በላይ እንደሆኑ አስልቷል።

ሲድ ፍሬዝ ስለሚባሉት ቃላት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከ2,048 ቃላት ዝርዝር ውስጥ የሚወጡት እነዚህ 12 ወይም 24 ቃላት ዋሌቱን በማንኛውም ስልክ ላይ ዳግም ለመክፈት የሚያስችሉ በመሆናቸው፣ ቶክን ለመስጠት እነርሱን የሚጠይቅ ማንም ቢሆን ሌባ ነው። ገረም የሚለው የተገላቢጦሹ ወጥመድ ነው፤ አጭበርባሪው ያላዋቂ መስሎ የራሱን ሲድ ፍሬዝ በአደባባይ ይጽፋል፣ ዋሌቱን የከፈተው ሰው በውስጡ ብዙ ዶላር ያያል፣ ያንን ለማውጣት የጋዝ ክፍያ ሲልክ ግን የላከው ወዲያው ይወሰድና ዶላሩ የሌላ ሰው ፊርማ ካልታከለበት የማይንቀሳቀስ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ሌባውና ተሰራቂው አንዱ በሌላው ንብረት ላይ ዓይኑን የጣለ ስለሆነ፣ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ የሚያመለክት ብዙም አይኖርም።

በኢትዮጵያ ኤርድሮፕ የሚለውን ቃል ለብዙ ወጣቶች ያስተዋወቀው ግን ዋሌት ሳይሆን ቴሌግራም ነው። ኖትኮይን የተባለው፣ የስልክን መስታወት በጣት በመምታት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ በሜይ 2024 ነጥቡን ወደ ቶክን ለውጦ በታላላቅ መገበያያዎች ሲያወጣ፣ አንዳንዶች በእርግጥ ገንዘብ ስላገኙ፣ ተከትሎት የመጣው ሃምስተር ኮምባት በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥም በካምፓስ ዶርምም ሰዎች ስልካቸውን ሲቀጠቅጡ የሚታዩበት ሆነ። የጨዋታው ባለቤቶች 300 ሚሊዮን ተጫዋቾች እንዳሏቸው አስታወቁ፤ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 እደላው ሲደርስ 131 ሚሊዮን ሰዎች ብቁ ተባሉ። ለመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾች ከጠቅላላው 100 ቢሊዮን ቶክን 60 በመቶው ተመድቦ ነበር፤ ይህ ለ131 ሚሊዮን ሰው ሲካፈል በአማካይ 458 ቶክን ገደማ ይሆናል፤ አንዱ ቶክን ደግሞ ገበያ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ስላወጣ፣ የአማካዩ ተጫዋች የወራት ልፋት ከአምስት ዶላር በታች ሆነ። ለኢንተርኔት ጥቅል የወጣው ብር ሲታሰብ ከዚህም ያነሰ የቀረለት፣ ወይም ጭራሽ የከሰረ ይኖራል። ጨዋታውን ሕገ ወጥ ያደረገው ነገር አልነበረም፤ ነጥቡ የተሰበሰበው በእውነት፣ ቶክኑም የታደለው በእውነት ነው። በሒሳቡ ያተረፈው ግን የሚሊዮኖችን ትኩረት ለማስታወቂያ ያዋለው ወገን ነው።

በዚህ ሰፊ ሕዝብ ዙሪያ ሌሎችም ተሰማሩ። ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በጁላይ 2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሃምስተር ኮምባትን መስሎ በቴሌግራም ቻናል የሚሰራጭ፣ ራትል የተባለ የአንድሮይድ ሰላይ ፕሮግራም እንዳገኘ አስታወቀ፤ ለዊንዶውስ ኮምፒውተር ጨዋታውን በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም ተብለው የቀረቡት ደግሞ የይለፍ ቃልና የዋሌት መረጃ የሚሰርቅ ሉማ የተባለ ፕሮግራም ይዘው ተገኙ። ከዚህ ያልተናነሰ ትኩረት የሚያሻው የጥቆማው አሠራር ነው። አዲስ ሰው በሊንኩ ያስገባ ተጫዋች ተጨማሪ ነጥብ ስለሚያገኝ፣ «ይህ አስተማማኝ ነው፣ ፈጥናችሁ ግቡ» የሚለው የቻናል ባለቤት፣ የዶርም ጓደኛ ወይም የአጎት ልጅ በምክሩ ውስጥ የራሱ ጥቅም አለበት፤ ክፋት ባይኖረውም ምስክርነቱ ገለልተኛ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የእውነተኛ እደላን ዋጋ ያሳየው በጎረቤት ኬንያ የሆነው ነው። ዎርልድኮይን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የኦፕን ኤአዩ ሳም አልትማን የሆነው ፕሮጀክት፣ ጁላይ 24 ቀን 2023 ሥራውን በይፋ ሲጀምር፣ ኦርብ በተባለ ክብ ብርማ መሣሪያ የዓይን ብሌኑን ላስነሣ ሰው 25 ቶክን ይሰጥ ነበር፤ ይህም በኬንያ ገንዘብ 7,000 ሽልንግ ገደማ ያወጣ ነበር። በናይሮቢ፣ በኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ግቢ፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችና ተማሪዎች ከማለዳ ጀምሮ ረጅም ሰልፍ ይዘው ዋሉ፤ ሕዝቡ እየበዛ ሥነ ሥርዓት ማስከበር እስኪያስቸግር ድረስ ተጨናነቀ። ብዙዎቹ የሚያውቁት መሣሪያውን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ ስልካቸው ላይ ገንዘብ እንደሚገባ ነበር፤ ምስሉ የት እንደሚቀመጥና ለምን እንደሚውል ጠይቆ የተሰለፈ ጥቂት ነው። መንግሥት ኦገስት 2 ቀን ሥራውን አገደ። ቶክኑ በዚያን ጊዜ ለአሜሪካ ነዋሪዎች የማይሰጥ መሆኑ መነሣት ያለበት ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሣው ፕሮጀክት በአገሩ ተቆጣጣሪዎች ፊት ያልደፈረውን በናይሮቢ ሰልፍ ፊት አድርጎታል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜይ 2025 የመረጃው አሰባሰብ ሕገ ወጥ እንደነበረ ወስኖ፣ የተሰበሰበው የሰውነት መረጃ በሰባት ቀን ውስጥ በአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ክትትል እንዲደመሰስ አዘዘ። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የዓይን ብሌን አይቀየርም። የመታወቂያ ካርድና የፊት ምስል ለሚጠይቁ ሌሎች እደላዎችም ስጋቱ ተመሳሳይ ነው፤ በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢወጣም፣ የፋይዳ ካርዱን ፎቶ መሥሪያ ቤቱ ለማይታወቅ የቴሌግራም ቦት የላከ ሰው አዋጁን ጠቅሶ የሚከሰው አካል ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው።

የሕጉ ጉዳይ በየአገሩ ይለያያል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ክሪፕቶን ለክፍያና ለገንዘብ ማስተላለፊያ መጠቀም ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ የተታለለ ሰው እንደ ባንክ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያስመልስበት መስኮት የለውም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት በኤርድሮፕ የተገኘ ቶክንን ተቀባዩ ማዘዝ በቻለበት ቀን በነበረው ዋጋ እንደ ገቢ እንደሚቆጥረው ማወቅ አለባቸው፤ ቶክኑ በማግስቱ ቢወድቅም ግብሩ የሚሰላው በዚያ ቀን ዋጋ ነው።

እውነተኛ እደላ ገንዘብ አይጠይቅም የሚለው የተለመደ ምክር በአብዛኛው ይሠራል፤ ነገር ግን ፍጹም አይደለም። ሌየርዚሮ የተባለው ታዋቂ ፕሮጀክት በጁን 2024 ቶክኑን ሲያድል፣ ለእያንዳንዱ ቶክን አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ለኤቴሪየም አበልጻጊዎች ድጋፍ እንዲለገስ አስገድዶ ብዙዎችን አስቆጥቷል፤ ከዚህም ሌላ የጋዝ ክፍያ በየትኛውም እደላ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የተሻለው ጥንቃቄ የሚጠፋውን መጠን አስቀድሞ መወሰን ነው። ልምድ ያላቸው ተሳታፊዎች ለእደላ ብቻ የተከፈተ፣ ከጋዝ መክፈያ በቀር ምንም የሌለበት የተለየ ዋሌት ይጠቀማሉ፤ የፕሮጀክቱን ድረ ገጽ አድራሻ በሊንክ ሳይሆን በራሳቸው ጽፈው ይገባሉ፤ የሚፈርሙት መስኮት መጠንና ተቀባይ ካላሳያቸው ይዘጉታል፤ ያልጠየቁት ቶክን ዋሌታቸው ውስጥ ቢያገኙም ለመሸጥ አይሞክሩም። የታወቀ ድርሻ በአሮጌው ዋሌት አድራሻ ላይ ከተመደበ ግን የተለየ ዋሌት አያገለግልም፤ ያኔ ሌላውን ንብረት አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይገባል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላ የሚወሰደውን እርምጃ የሚወስነው ምን እንደተሰጠ ነው። የተሰጠው ፈቃድ ከሆነ ሪቮክ ካሽ በመሰሉ መሣሪያዎች ወይም ኢተርስካን በተባለው የብሎክቼይን መመልከቻ ላይ መሻር ይቻላል፤ ሽረቱ የሄደውን ባይመልስም የቀረውን ያድናል። ሲድ ፍሬዙ ራሱ ከወጣ ግን የሚሻር ነገር ስለሌለ፣ ዋሌቱን ጥሎ የተረፈውን በአዲስ ቃላት ወደተከፈተ ሌላ ዋሌት ማሸሽ ብቻ ይቀራል። በዚህ መካከል ተጎጂው በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ምሬቱን ከጻፈ፣ ብዙም ሳይቆይ የተሰረቀውን አስመላሽ ነኝ የሚል ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍለትና የቅድሚያ ክፍያ ይጠይቀዋል። በብሎክቼይን ላይ የተፈጸመ ዝውውርን የመቀልበስ ሥልጣን ያለው ግለሰብ የለም፤ ይህም ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ከመጥፋት በቀር ሌላ አገልግሎት አይሰጥም።